2 ቴራ ብለው 64 ጊጋ ሸጡልኝ፣ እኔ ደግሞ የአይቲ ሰው ነኝ

ከሱቁ ከወጣሁ አንድ ሰዓት አልሞላኝም። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

መገናኛ ነው። ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ቻርጀርና ኬብል ከላይ እስከ ታች የተንጠለጠለበት ጠባብ ሱቅ፣ "ምን ልታዘዝ ብራዘር" የሚል ልጅ። ባለፈው ሳምንት ባለ 2 ቴራ ኤስኤስዲ ኤክስተርናል (በዩኤስቢ የሚሰካ ፈጣን የፋይል ማስቀመጫ) 4,800 ብር አለኝ። ተከራክሬ 4,500 አደረስኩት። 300 ብር በማስቀነሴ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! በዚህ ዋጋ 2 ቴራ ከየት ይመጣል ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም።

ከመክፈሌ በፊት "ልሞክረው" አልኩት። ላፕቶፔ ጀርባዬ ላይ ነበር። በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ ነው የምጠቀመው፣ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ከፍቶ ኤልኤስዩኤስቢ (lsusb፣ የተሰካው ዕቃ የማን ምርት እንደሆነ የሚያሳይ ትእዛዝ) ብሎ መጻፍ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። የቦርሳውን ዚፕ እስከ ግማሽ ከፍቼዋለሁ። ልጁ ቀደመኝ። ዕቃውን ከእጄ ወስዶ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረ፣ ፕሮፐርቲስ ከፈተ። 1.95 ቴራ። "አየህ? አላመንከኝም አይደል?" አለኝ፣ የተከፋ መስሎ። አጠገቤ ቆማ የስልክ ከቨር የምትመርጠው ልጅ ሳቅ አለች። አፈርኩ። ዚፑን መልሼ ዘጋሁትና በቴሌብር ላክሁለት።

ራሴን በጥፊ ማለት የሚያምረኝ እዚህ ላይ ነው። እውነተኛ ባለ 2 ቴራ ዊንዶውስ ላይ የሚያሳየው 1.81 ገደማ ነው። አምራቹ በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024 ያካፍላል፤ ይሄን መስሪያ ቤት ውስጥ ለሰው የማስረዳው እኔ ነኝ! 1.95 ሳይ ግን "ይሄኛውስ ሞላ ያለ ነው" ብዬ አሰብኩ። ሞላ ያለ! ጤፍ የምገዛ መሰለኝ።

የእህቴን ሰርግ ቪዲዮ ገለበጥኩበት፣ 240 ጊጋ። ማታ 3 ሰዓት ጀምሮ ሊነጋጋ ሲል አለቀ። ኤስኤስዲ እንዲህ ይንቀራፈፋል? አልጠረጠርኩም። ጠዋት ቪዲዮውን የቀረጸው የአጎቴ ልጅ ደውሎ "ገለበጥክ?" አለኝ፣ "አዎ" አልኩት፣ ሜሞሪዎቹን አጥፍቶ ለሌላ ሰርግ ይዟቸው ሄደ።

ትናንት ማታ ከፈትኩት። የፋይሎቹ ስም አለ፣ መጠናቸው አለ፣ ውስጣቸው የለም። ሙሽራውን በር ላይ አናስገባም ስንል ያለው ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ቤተክርስቲያኑ የለም። መልሱ የለም። አያቴ ስትመርቅ የለም።

ያኔ ነው ኤልኤስዩኤስቢ ማለት ትዝ ያለኝ። ካርቶኑ ላይ ሁላችሁም የምታውቁት ትልቅ ብራንድ አለ፣ ተርሚናሉ ላይ ግን መለያው አራት ኤፍ ተደርድሮ ከዚያ 5678 ነው፣ ስሙ "ቬንደርኮ ፕሮዳክትኮድ"። ሰሪው የውሸት ስም እንኳን ለማውጣት አልደከመም። ፍጥነቱንም እንዲያሳየኝ ትእዛዙ ላይ ሰረዝ ቲ (-t) ጨመርኩበት። ካርቶኑ ዩኤስቢ 3 ይላል፣ ስለዚህ 5000ኤም መምጣት ነበረበት፣ የመጣው 480ኤም ነው፣ ዩኤስቢ 2 ማለት ነው። (ገመዱ ወይም ፖርቱ አሮጌ ሲሆንም 480 ሊመጣ ይችላል፣ በሷ ብቻ አትፍረዱ።) እውነተኛ መጠን የሚፈትሸው ኤፍ3ፕሮብ (f3probe) የሚባል ፕሮግራም ደግሞ ጨረሰው፦ እውነተኛ መጠኑ 64 ጊጋ። ከ64 በኋላ የጻፍኩት ሁሉ የትም አልደረሰም፣ ዕቃው ግን "እሺ ተቀብያለሁ" እያለ ሌሊቱን ሙሉ ሲዋሸኝ አደረ። ንዴቴ ስላልወጣልኝ በቢላ ፈለቀቅኩት። ውስጡ አንዲት ጣት የማታክል ቦርድ በሙጫ ተለጥፋለች፣ ሌላው ክፍት ቦታ ነው።

ዛሬ ይዤው ሄድኩ። ያኛው ልጅ የለም፣ "ዛሬ አይገባም" አለኝ በሱ ቦታ የቆመው ልጅ። ላፕቶፔን ባንኮኒው ላይ ከፍቼ አንድ በአንድ ላስረዳው ስሞክር ጥቁሩን ስክሪን አይቶ "ሃከር ነህ እንዴ?" አለና ጓደኛውን ጠቀሰው። ሙድ ያዙብኝ። "ደረሰኝ አለህ?" የለኝም። "ፈልቅቀኸዋል አይደል?" ፈልቅቄዋለሁ። "በቃ ወንድሜ፣ ቫይረስ በልቶት ነው።" እኔ ገና እያወራሁ ለሌላ ሰው ቻርጀር መሸጥ ጀመረ።

ለማንኛውም፣ ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ፣ እንደ እኔ ኡቡንቱ ከሆነ፣ ኤልኤስዩኤስቢ በሉ። የሳንዲስክ መለያ በ0781፣ የኪንግስተን በ0951 ይጀምራል። ይሄም ቁጥር ይጭበረበራል። ኤልኤስብሎክ (lsblk፣ የተሰኩ ማስቀመጫዎችን ከነመጠናቸው የሚዘረዝር ትእዛዝ) ላይ የምታዩት መጠንም ዕቃው ስለራሱ የሚናገረው ነው፣ አትመኑት። የሚያዋጣው እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ የሚያነበው ኤፍ3 (F3) የሚባለው ፕሮግራም ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ (H2testw) አለ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሰዓታት ይፈጃል፣ ይፍጅ። ደረሰኝ ተቀበሉ። በቢላ አትክፈቱ።

እህቴ እሁድ ከባሏ ጋር ቪዲዮውን ልታይ ትመጣለች። እናቴ ዶሮ ገዝታለች። እስካሁን ለማንም አልነገርኩም።