የመጠጥ መቁጠሪያ አፕ አመት ሙሉ ተጠቅሜ ያየሁት

ፕሌይስቶር ላይ ድሪንክ ትራከር ብላችሁ ስትፈልጉ መአት ይመጣል፣ እኔ የተጠቀምኩበትን ስሙን ጠርቼ ባሞግሰው ማስታወቂያ፣ ብወቅሰው ደሞ ስም ማጥፋት ስለሚመስል ስሙን ልዝለለው። ስራቸው ያው ነው፣ የጠጣኸውን ታስገባለህ፣ እሱ ወደ ንጹህ አልኮል ቀይሮ በሳምንት በወር በአመት ግራፍ ያወጣልሃል። እኔ ነጻውን ነው ከጥቅምት እስከ ጥቅምት የተጠቀምኩት።

ገና ስትከፍቱት ሀገር ምረጥ ይላል፣ ኢትዮጵያ የለችም። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ አንድ መጠጥ ብሎ የሚቆጥረው እንደየሀገሩ ነው፣ አሜሪካ 14 ግራም አልኮል፣ እንግሊዝ አንድ ዩኒት 8 ግራም። የኛ 330 ሚሊ ጠርሙስ ቢራ 5 ፐርሰንት ከሆነ 13 ግራም ገደማ አለው፣ ስለዚ ያችው ቢራ አሜሪካን ከመረጥክ አንድም አትሞላ፣ እንግሊዝን ከመረጥክ ከአንድ ተኩል ታልፋለች። ሀገር ቀይሮ ጨዋ መሆን ይቻላል ማለት ነው 😀 ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በግራም አድርጉት ትገላገላላችሁ።

ዝርዝሩ ውስጥ ሞሂቶ አለ፣ ሳኬ አለ፣ ጠጅ ጠላ አረቄ የለም። ራስህ መጨመር ትችላለህ፣ ሚሊውንና ፐርሰንቱን ሞልተህ ስም ትሰጠዋለህ፣ ግን የጠጅ ፐርሰንት ማን ያውቃል? ከቤት ቤት ይለያያል፣ ብርዝ ይሁን የደረሰ በምላስህ ነው የምትገምተው። እኔ የደረሰውን 10 ፐርሰንት ብዬ ያዝኩና ብርሌዋን ውሃ ሞልቼ በልጄ ጡጦ ለካኋት (ሚሊው ተጽፎበታል፣ ከዛ የተሻለ መለኪያ ቤት ውስጥ አታገኙም) 250 አካባቢ ወጣች፣ 20 ግራም መሆኑ ነው። ዳግም አረቄ ደሞ ወደ 45 ፐርሰንት ስለሚጠጋ 50 ሚሊ የምትይዘው መለኪያ 18 ግራም ትሰጣለች፣ ማለትም አንዲት ብቻ ተብላ የምትጨለጠዋ ከሙሉ ጠርሙስ ቢራ ትበልጣለች፣ ይሄን ካየሁ በኋላ አረቄን በሌላ አይን ነው የማየው። ጠላ ላይ ግን ተስፋ ቆረጥኩ። ሰው ቤት ሄደህ ግማሽ ሳታደርስ ኧረ ጠጣ እንጂ ተብሎ ይሞላልሃል፣ ጣሳው ባዶ ሆኖ አያውቅም፣ ስንት ብዬ ላስገባ?

ሌላው የሚያናድደው ሰአቱ ነው። ቀኑን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰአት ላይ ስለሆነ አርብ ማታ ጀምረህ 6 ሰአት ካለፈ በኋላ የጠጣሃት ቅዳሜ ላይ ትገባለች፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ተኝተህ ውለህም ጠጥተሃል ይልሃል። በእጅ ማስተካከል ይቻላል ግን በዛ ሰአት ማን ያስተካክላል።

የማበረታቻ መልእክቱ ነገርማ አያድርስ ነው። ጃንዋሪ ሲገባ ድራይ ጃንዋሪ ድራይ ጃንዋሪ እያለ ስልኬን ያስጮኸዋል፣ ይሄ 2013 ላይ እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረ ወሩን ሙሉ ያለመጠጣት ዘመቻ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን እኛ ጋ ያ ወር ገና ነው ጥምቀት ነው የሰርግ ወቅት ነው፣ ከዛ የባሰ ወር ከየት ያመጣል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስትተወው ደሞ በኔ ምክንያት ተሻሻልክ ብሎ ሜዳልያ በሜዳልያ ያደርግሃል፣ ጾሙን የት ያውቀዋል። ፋሲካ ላይ ግራፉ ሲዘል ምን ነካህ ይላል።

ወጪ የሚል ቦታም አለው፣ እሱን እንዳታምኑት። በግራም የሰርጉን ወቅት የሚደርስበት ወር አልነበረም፣ በብር ግን ከጾሙ ውጪ ከሁሉ ያነሰው እሱ ነው፣ የተጋበዝከው ዜሮ ስለሚገባ።

እንግዲህ አፑን እስከዛሬ ያላጠፋሁት ኖት በምትለዋ ባዶ ቦታ ምክንያት ነው። ከማን ጋር እንደነበርኩና ስንት እንደነበርን፣ ከፍቶኝ ወይ ስራ በዝቶብኝ ከሆነም እሱን እጽፍ ነበር። አመቱ ሲያልቅ ሳገላብጠው ሶስት ሆነን የተቀመጥን ቀን ሶስት ቢራ፣ አምስት ሆነን የተቀመጥን ቀን አምስት፣ ከሞላ ጎደል እንደዛ ነው የሚሄደው። ዙር ነዋ! አንዱ ካዘዘ ሌላው ሳያዝ መነሳት ነውር ነው፣ የመጨረሻው ሰውዬ ደሞ በሞቴ ይልሃል፣ የኔ ተራ ሲደርስ ነው እንዴ የምትሄደው ይልሃል፣ እና ትቀመጣለህ። እኔ ሲከፋኝ ወይ ስራ ሲበዛብኝ ይመስለኝ ነበር የምጠጣው፣ እንደዛ ብዬ የጻፍኳቸው ቀኖች ግን ተራ ቀኖች ሆነው ነው የተገኙት። ከዛ ወዲህ ብዙ ሆነን ስንወጣ የራሴን ዙር ቀድሜ እከፍላለሁ፣ መሀል መሀል ላይ አምቦ ውሃ አዛለሁ፣ እስካሁን ማንም ምን ሆንክ ያለኝ የለም፣ ፊትህ ጠርሙስ እስካለ ድረስ አያዩህም።

አረንጓዴ ቀለም ሲያሳያችሁ ግን ጤነኛ ነኝ ብላችሁ እንዳትዝናኑ፣ የአለም ጤና ድርጅት 2023 ላይ ለጤና አያሰጋም የሚባል የመጠጥ መጠን የለም ብሏል፣ ቀለሙን አፑ ነው ያወጣው። ሌላ ደሞ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በአፕ ተነሳስቶ ባንዴ እንዳያቆም፣ አደገኛ ነው፣ መጀመሪያ ሀኪም ጋ ይሂድ።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ፕሪሚየሙ በዶላር ነው፣ ተጨማሪው ሌላ ቀለም ግራፍና ሌላ ሜዳልያ ስለሆነ ይቅርባችሁ። ስልክ ልትቀይሩ ከሆነ መጀመሪያ ኤክስፖርት የሚለውን ተጭናችሁ ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ፣ ነጻው ዳታውን ስልኩ ላይ ብቻ ስለሚያስቀምጥ አፑን ስታጠፉት አመቱ አብሮ ይሄዳል።