ሻፍትና ቡሽንግ ቶርኖ ቤት ልታሠሩ ከሆነ፦ «ዲያሜትሩ ልክ ነው» ተብላችሁ ቀሪውን ሂሳብ እንዳትከፍሉ

ይህን የምጽፈው የፓምፕ፣ የወፍጮ ወይም የሌላ ማሽን ዕቃ ለምታስቀርጹ ሰዎች ነው። በቅርቡ አዲስ አበባ ካለ አንድ ቶርኖ ቤት ለውሃ ፓምፕ የሚሆን ሻፍት (የሚዞረው ዘንግ) እና የነሐስ ቡሽንግ (ሻፍቱ የሚገባበት ቱቦ መሰል ቀለበት) አሠራን። አሮጌውን ሻፍት ለክተው ስዕሉን ያዘጋጁት እነሱ ናቸው፤ የስዕልም፣ «የፕሪሲዥን»ም ብለው ለየብቻ አስከፍለውናል። በርክክቡ ቀን ባለሙያው ማይክሮሜትሩን አውጥቶ ፊታችን ለካ። ኩሺኔታ (ቤሪንግ) የሚገባበት 40.010፣ ሜካኒካል ሲል (ውሃ በሻፍቱ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚዘጋው ዕቃ) የሚቀመጥበት 34.985 ሚሊ ሜትር። ስዕሉ ላይ ለሰፈረው 40 ኬ6 (ቁጥሩ ዲያሜትሩ፣ «ኬ6» የሚፈቀደውን ልዩነት የሚናገር ኮድ ነው) የሚፈቀደው ከ40.002 እስከ 40.018፣ ለ35 ጂ6 ደግሞ ከ34.975 እስከ 34.991 ነው። እንከን የለውም።

ፓምፑ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ በሲል ቦታው በኩል ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። ሲል ቀየርን፤ ያው ነው። ሻፍቱን አውጥተን ሁለቱን የኩሺኔታ ቦታዎች ቪ ብሎክ (ክብ ዕቃ የሚቀመጥበት የቪ ቅርጽ ድጋፍ) ላይ አስቀመጥንና ዳያል ጌጁን (ትንሽ ከፍታና ዝቅታን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) የሲል ቦታው ላይ አሳርፈን አዞርነው። በአንድ ዙር 0.12 ሚሊ ሜትር ወጣ ወረደ። ለእንዲህ ያለ ሲል 0.05 እንኳ ብዙ ነው።

ምን እንደሆነ ለመገመት አይከብድም። የኩሺኔታ ቦታዎቹን በአንድ አያያዝ ቆርጠው፣ ሻፍቱን ገልብጠው ባለ ሦስት ጥርስ ቻክ (ቶርኖው ዕቃ የሚይዝበት መንጋጋ) ላይ እንደገና አስረው ሌላውን ጫፍ ጨረሱት። ያረጀ ቻክ ዕቃውን መሃል ላይ አይይዝም። በሁለት ሴንተር (ሻፍቱን ከሁለቱ ጫፎች መሃል የሚደግፉ ሹሎች) መካከል ቢሠሩት፣ ወይም ከገለበጡ በኋላ በዳያል ቢያቃኑት ይህ አይመጣም ነበር፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። ማይክሮሜትር ደግሞ የአንዱን ቦታ ውፍረት ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ሁለቱ ሲሊንደሮች አንድ መሃል ይጋሩ አይጋሩ እሱ የት ያውቃል?

ቅሬታችንን ይዘን ስንሄድ የተሰጠን መልስ፦ «ወንድሜ፣ ዳያሉ 0.12 ቢልም መሃሉ የሳተው በ0.06 ብቻ ነው። ደግሞስ ስዕሉ ላይ ከዲያሜትር ሌላ ምን አለ?» ስሌቱ ትክክል ነው፣ የመሃሉ መሳት የዳያሉ ንባብ ግማሽ ነው፤ ሲሉን የሚጎዳው ግን ሙሉው 0.12 ነው። ወጥመዱ ያለው ሁለተኛው ንግግር ላይ ነው። የዲያሜትር ቶለራንስ (የሚፈቀድ የልክ ልዩነት) ብቻ የያዘ ስዕል ራሳቸው ሠርተው፣ በኋላ ያንኑ ስዕል መከላከያ ያደርጉታል።

የቡሽንጉ ነገር ይብሳል። ግድግዳው ስስ ነው። ቻኩ በሦስት ጥርስ ጨምቆ ይዞት ውስጡ ሲቦረቦር ክብ ይሆናል፤ ሲለቀቅ ነሐሱ ወደ ቦታው ይመለስና ቀዳዳው ሦስት ጉብታ ያለው ቅርጽ ይይዛል። እንዲህ ያለውን ቅርጽ በሁለት ነጥብ የሚለካ መሣሪያ በየትኛውም አቅጣጫ ብታስገቡት ያው ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። 35 ኤች7 ማለት ከ35.000 እስከ 35.025 ነው፤ ካሊፐሩም ማይክሮሜትሩም «ደህና ነው» ይላሉ፣ ሻፍቱ ግን አይገባም ወይም ሦስት ቦታ ላይ ይፋተጋል። ይህን የሚያጋልጠው ክብ መፈተሻ ዘንግ ነው፣ ወይም ሦስት ነጥብ የሚነካ የቀዳዳ መለኪያ። በዚያ ላይ ቡሽንጉ ፓምፑ ላይ በሚቀመጥበት ቀዳዳ ውስጥ ተመትቶ ሲገባ ቀዳዳው ይጠብባል፤ የመጨረሻው ልኬት መወሰድ ያለበት ከገባ በኋላ ነው።

«በአይሶ (በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ደንብ) ነው የምንሠራው» ካሏችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በአይሶ 8015 ደንብ የዲያሜትር ቶለራንስ ብቻውን ቅርጽን አይቆጣጠርም፤ ከቁጥሩ ጎን በክብ የተከበበው የላቲን «ኢ» (E) ከሌለ፣ ያ ሦስት ጉብታ ያለው ቡሽንግ በወረቀት ደረጃ ሊያልፍ ይችላል። የአሜሪካው ኤኤስኤምኢ ዋይ14.5 በተቃራኒው፣ ሌላ ካልተጻፈ በቀር ዕቃው ፍጹም ቅርጽ ያለውን የወሰን ሲሊንደር እንዳያልፍ ያስገድዳል። ስለዚህ የትኛው ደንብ እንደሚሠራ ስዕሉ ላይ መጻፍ አለበት።

እኛ አሁን የምናስጽፈው እንዲህ ነው፦ ሁለቱ የኩሺኔታ ቦታዎች አንድ ላይ ዳተም (የልኬት መነሻ) ይሆናሉ፤ ማሽኑ የሚዞረው በእነሱ ላይ ነውና። ከእነሱ አንጻር የሲል ቦታው ቶታል ራንአውት (ሲዞር በዳያል የሚታየው ጠቅላላ ወጣ ወረድ) 0.03። ለኩሺኔታ ቦታዎቹ ሲሊንድሪሲቲ (ከትክክለኛ ሲሊንደር ቅርጽ የሚፈቀድ መዛነፍ) 0.008፤ ይህ ዋጋ ያስጨምራል፣ ተገቢም ነው። ኮንሴንትሪሲቲ (የመሃል መጋራት) የሚባለውን ምልክት ለጌጥ ከጨመሩላችሁ ራንአውት እንዲያደርጉት ጠይቁ። ለመለካት አስቸጋሪ ነው፣ ኤኤስኤምኢም በ2018 እትሙ አውጥቶታል።

ሌላው፣ የኩሺኔታው ቦታ ልል ሲሆን በነጥብ መምቻ ነቁጠው ወይም ማጣበቂያ ቀብተው «ጠብቋል» የሚሉ አሉ። ከማስገጠማችሁ በፊት ቦታውን በጣት ዳስሱት፤ ንቅጣት ካገኛችሁ አትረከቡ።

ቀብድ ስትሰጡ ደረሰኙ ላይ «ርክክብ የሚፈጸመው ሻፍቱ ቪ ብሎክ ላይ ሆኖ በዳያል ጌጅ ከታየ፣ ቡሽንጉም በመፈተሻ ዘንግ ከተሞከረ በኋላ ነው» የሚል መስመር ይግባ። ዳያል ጌጅ የለንም ካሉ ይዛችሁ ሂዱ። አናስለካም ካሉ ቀብዱን አትስጡ።