ለ«ጋሽ ኪቦርድ» ምስጋና፣ ሙዚቀኛ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ይህን መጻፍ የነበረብኝ ሰኔ ላይ ነው። ፈተና ማረም፣ ካርድ መሙላት ስል ሐምሌ ገባ። ምስጋና ሲዘገይ ያሳፍራል፤ ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብያለሁ።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ሚኒ ሚዲያውም ድራማ ክበቡም የእኔ ጣጣ ነው። ዘንድሮ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ልጆች ለወላጆች ቀን ሙዚቃዊ ድራማ ካልሠራን ብለው ያዙኝ። ታሪኩንም ዘፈኑንም ራሳቸው ጻፉት። ነገሩ ስለ ውሃ ወረፋ ነው። አራተኛ ፎቅ ውሃ አይደርስም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የግቢው ቧንቧ መጣ ሲባል ሕንፃው በሙሉ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል። እዚያ ወረፋ ላይ ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ይጠባበሳል። (የመጨረሻውን አውጡት ተብለን ነበር። አላወጣነውም።) በጠቅላላው 7 ዘፈን አለው።

«ልጆቹን ከትምህርታቸው ታዘናጋቸዋለህ» ያሉኝ አልጠፉም። ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ተማሪዎቹን መዝሙርና ቴአትር ያሠራ እንደነበር እያነሳሁ ተከራከርኩ። አማርኛ አስተማሪ መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል።

የቸገረን ሙዚቃው ነው። ልጆቹ ዜማቸውን በስልክ ቀድተው ይዘዋል እንጂ ከመካከላቸው ኪቦርድ የሚችል የለም። መጀመሪያ ያገኘነው ሰው ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። እግዜር ይይለት። ከዚያ የአንዷ ተማሪ እናት ትልቋን ልጃቸውን ሲድሩ የተጫወተ፣ ጣፎ የሚኖር ኪቦርዲስት ጠቆሙን። እውነቱን ለመናገር «የሰርግ» ሲሉኝ ደስ አላለኝም። ሁሉንም ዘፈን በአንድ ምት ጨፍልቆ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይኸው በአደባባይ።

መጀመሪያ ቀን ኪቦርዱን ከሻንጣው እንኳ አላወጣም። ወንበር ገልብጦ ተቀመጠና «እስቲ ዝፈኑልኝ» አለ። ሰባቱንም ያለ ሙዚቃ አዘፈናቸው። ከዚያ የየዘፈኑን ቅኝት በጣቱ እየቆጠረ «ይቺ ትዝታ ናት። ይቺ ባቲ። ይቺኛዋ ግን ከትዝታ ተነስታ መሃል ላይ አምባሰል ገብታለች። ማን ናት የደረሰቻት?» አለ። ልጅቷ ያጠፋች መስሏት ከጓደኛዋ ጀርባ ተደበቀች። «እንዳትነኪያት፣ እንዲሁ ትሁን» አላት። ያቺ ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ዘፈን ጨምራለች፤ ለድራማው አይሆኑም፣ ግን ጽፋለች።

ኪቦርዱ ሲወጣ ደግሞ ልጆቹ ከበቡት። «ነጩን እርሱት» አላቸው። «ጥቁሮቹን ብቻ ንኩ። ሦስት ሆነው ከተደረደሩት የመጀመሪያዋን መነሻ አድርጉ።» እውነትም እንደፈለጉ ቢነኩ ትዝታ ሆኖ ይወጣል፣ ትዝታ ሜጀር የሚሉት። ሃያ ዓመት ትዝታ ስሰማ ይህን አላውቅም ነበር። ተሰልፈው ተራ በተራ ሞከሩት። «ጋሽ ኪቦርድ» የሚለው ስም የወጣለት ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መሪ ተዋናያችን 15 ዓመቱ ነው። ኅዳር ላይ ዘፈኑን ሲጽፍ ድምፁ እንደ ዋሽንት ነበር። ግንቦት ሲገባ ጎረነነ። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞታል። «ቲቸር፣ በቃ ሌላ ሰው ይግባበት» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። ምን እንደምለው ጠፋኝ። ጋሽ ኪቦርድ ግን ሌሎቹን ውጡ ብሎ ልጁን ብቻ አስቀረው። አንዷን ስንኝ ያዘፍነዋል፣ ቶኑን አንድ ደረጃ ያወርዳል፣ ደግሞ ያዘፍነዋል። አራት ጊዜ አወረደው። አምስተኛው ላይ ድምፁ ሳይሰነጠቅ አለፈ። «ጉሮሮህ ቤት እየቀየረ ነው፤ ዕቃው ተጓጉዞ እስኪያልቅ እዚህ ታች እንጠብቀው» አለው። አብራው የምትዘፍነው ልጅ እንደዚያ መውረድ ስለማትችል እሷ ጋ ሲደርስ ቶኑን መልሶ ከፍ ያደርገዋል። በዘፈን መሃል እንዲህ መለዋወጥ ለራሱ ተጨማሪ ልምምድ ነበር፤ ለዚያ አንድ ብር አልጠየቀም።

የከበሮውንም ነገር እሱ ነው ያመጣው። ኪቦርዱ ውስጥ ያለውን ምት ዘጋና «ታሪካችሁ ጀሪካን አይደል? ጀሪካን ምቱ» አለ። ሦስት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን። አንዱ ባዶ፣ አንዱ ሩብ ውሃ፣ አንዱ ግማሽ። አንድ ልጅ በኩባያ ትንሽ ይጨምራል፣ በመዳፉ ይመታል፣ ይሰማል፣ ደግሞ ይቀንሳል። ግማሽ ቀን የፈጀበት ቢሆንም ሦስቱ ሦስት ዓይነት ድምፅ አወጡ።

የዕለቱን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዝናብ ወረደ። አዳራሻችን ቆርቆሮ ነው። ሞንታርቦው እስከ ጥግ ተከፍቶ እንኳ የልጆቹ ድምፅ አይሰማም። ልጆቹ ወደ እኔ ያያሉ፣ እኔ ወደ ጣሪያው። ጋሽ ኪቦርድ መግቢያውን ደጋግሞ ይጫወታል፣ ይደጋግማል፣ ጀሪካኖቹም ተከተሉት። ያ መሪ ተዋናይ በዚያ በጎረነነ ድምፁ «ኧረ ውሃ መጣ! ጀሪካን አውጡ!» ብሎ ጮኸ። ጽሑፉ ላይ የለም። አዳራሹ በሳቅና በእልልታ ፈነዳ። አንዲት እናት ከመቀመጫቸው ተነስተው «ለአራተኛ ፎቅም አድርሱልን!» አሉ። ዝናቡ ጋብ ሲል ዘፈኑ ካቆመበት ቀጠለ። በኋላ ልጁን ፈርቶ እንደሆነ ስጠይቀው «ኪቦርዱ ስላላቆመ እኔም አላቆምኩም» አለኝ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፣ አለዚያ ጥቆማ አይሆንም። ሰዓት ላይ አይታመንም። ሁልጊዜ ሰበቡ የመገናኛ ታክሲ ወረፋ ነው። 4 ሰዓት ከፈለጋችሁት 3 ሰዓት ብላችሁ ቅጠሩት። ስልክም ቶሎ አያነሳም። ሂሳቡ ግን ለሰርግ ከሚጠይቀው ግማሹን ነው የነገረን፣ እሱንም ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የተቀበለው። ቀብድ ስንሰጠው «ለልጆቹ ውሃ ግዙበት» ብሎ መለሰው።

የትምህርት ቤት ክበብ የምትመሩ፣ ልጅ የምትድሩ፣ ልጃችሁ ኪቦርድ እንዲማር የምትፈልጉ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ጥር ላይ ቅዳሜና እሁድ ግን አትልፉ፣ ሰርግ ላይ ነው።