የምኒልክን ብር በቤት ውስጥ ፎቶ ለማንሳት የገዛኋቸው ሌንስ፣ መቆሚያና መብራት

ከአያቴ የተረከብኳቸውን የዳግማዊ ምኒልክ ብሮችና ጥቂት ጠገራዎች (የማሪያ ቴሬዛ ብሮች) በምስል መዝግቤ ለማስቀመጥ ስነሳ፣ በስልኬ ያነሳኋቸው ፎቶዎች በብሩ ላይ የተቀረጸውን የአንበሳ ጎፈር በነጸብራቅ ሸፍነው ስላስቸገሩኝ፣ ያገለገለ የካኖን 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ (ትናንሽ ነገሮችን ከቅርብ የሚያነሳ)፣ ካሜራን ወደ ታች አዙሮ የሚይዝ ባለ ምሰሶ መቆሚያ እና አንገታቸው የሚታጠፍ ሁለት የኤልኢዲ የጠረጴዛ መብራቶች ገዛሁ።

ሌንሱ የወጣበትን ገንዘብ ሁሉ ይገባዋል፤ ይህን የምለው ግን በማጉላት ኃይሉ አይደለም። የምኒልክ ብር ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ ሙሉውን ለማንሳት ብዙ ማጉላት አያስፈልግም። ትልቁ ጥቅሙ ርቀቱ ነው፦ እስከ መጨረሻው ተጠግቶ ሲያነሳ እንኳ በሌንሱ አፍና በሳንቲሙ መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚተርፍ ብርሃን እንደ ልብ ይገባል፤ ሚሊ ሜትሩ ያነሰ ሌንስ ግን በጣም መጠጋት ስላለበት ሳንቲሙ ላይ ተደፍቶ ጥላውን ይጥልበታል።

መቆሚያው አላረካኝም። ምሰሶው ቀጭን ስለሆነ ካሜራው ሲሰቀልበት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ጣት የካሜራውን የማንሻ ቁልፍ ሲነካም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ቁልፉ ከተነካ ከሁለት ሰከንድ በኋላ የሚያነሳውን ማዘግያ እጠቀማለሁ፤ ካሜራው ቀጥ ማለቱንም በሳንቲሙ ቦታ ትንሽ መስታወት አስቀምጬ፣ የሌንሱ ምስል በፍሬሙ መሀል እስኪታይ ድረስ በማስተካከል አረጋግጣለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ መብራቱ ነው። ዝቅ ብሎ ከጎን ሲመጣ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሑፍ ጎልቶ ይወጣል፣ ጭረቱ ግን ከእውነቱ በላይ ይጋነናል፤ ከፍ ብሎ ከሌንሱ አጠገብ ሲወርድ ደግሞ የብሩ ተፈጥሯዊ ጸዳል ይታያል። እኔ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጌ፣ በሁለቱም ፊት ስስ ነጭ ወረቀት እጋርዳለሁ። የመስኮት ብርሃን ከአምፖሉ ጋር ሲቀላቀል የሳንቲሙ ግማሽ ሰማያዊ ስለሚሆን መጋረጃው መዘጋት አለበት። ፎቶው እንዲያምር ብለው ብሩን በሎሚ ወይም በአመድ የሚፈትጉ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ አትንኩት፣ የተፈተገ ገጽ ዳግመኛ አይመለስም።

ይህ ዝግጅት የማይችለው የሳንቲሙን ጠርዝ ነው። በጠገራው ጠርዝ ዙሪያ በላቲን የተቀረጸውን የ«ፍትሕና ምሕረት» ቃል ለማንሳት ካሜራውን ከምሰሶው አውርጄ፣ ሳንቲሙን በቆመበት በጎን ማንሳት ግድ ሆኖብኛል።