ቲቸር እማማ፣ እግዜር ይስጥልን

ይህን ጽሁፍ ሰኔ ላይ ነበር መጻፍ የነበረብኝ። የልጆች ሪፖርት ካርድ፣ ከዚያ የአዲስ ምዝገባ ግርግር እያለ ቆየ። ምስጋና ሲዘገይ ያሳፍራል፤ ዛሬ ግን ሳልጨርሰው አልነሳም።

እኔና ባለቤቴ ሰሚት አካባቢ ቪላ ቤት ተከራይተን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር አፀደ ሕፃናት ከፍተናል። ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመታችንን ጨረስን። ዛሬ በራችን ክፍት ከሆነ፣ ልጆቹም ጠዋት ጠዋት እየሮጡ የሚገቡ ከሆነ፣ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የአንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ውለታ ነው። ስሜ አይጠራ ስላሉኝ ልጆቹ ባወጡላቸው ስም ቲቸር እማማ እላቸዋለሁ። ሥራቸው እንደኛ ዓይነት ትምህርት ቤቶች እየሄዱ መምህራንን እዚያው ክፍል ውስጥ ማሰልጠን ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እዚህ ሀገር ብዙ ቦታ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ይቆይና 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል አንስቶ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ግን በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ የተማረ ልጅ በድንገት ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ ስማ ሲባል ምን እንደሚሆን በራሴ አይቼዋለሁ። የኬሚስትሪ ደብተሬን ሸምድጄ፣ የጻፍኩት ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባኝ ነው ፈተና ያለፍኩት። ልጆቻችን እንዲህ እንዳይሆኑ፣ ከ3 ዓመታቸው ጀምሮ እየተጫወቱ፣ እየበሉ፣ እየዘፈኑ ይልመዱት ብለን ተነሳን።

ፈቃዱ፣ ኪራዩ፣ ቀለሙ፣ ትንንሾቹ ወንበሮች፣ ይሄ ሁሉ ያደክማል እንጂ ያልቃል። እኛን የፈተነን ማስተማሩ ነው።

መጀመሪያ ከአንድ አማካሪ ጋር ተዋዋልን። ደህና ገንዘብ ከፍለናል። ያገኘነው ፎቶ ኮፒ የተደረገ ጥራዝና አንድ ትእዛዝ ነበር፦ ግቢ ውስጥ አማርኛ አይነገር። ልጅ በአማርኛ ከጠየቀ መምህሯ እንዳልሰማች ትሁን ተባለ። እኛም አምነን በትልቁ ጽፈን በር ላይ ለጠፍነው። የኛ ጥፋት ነው፤ እንቢ ማለት እንችል ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ነርሰሪ ክፍል ገባሁ። አንዲት የ3 ዓመት ተኩል ልጅ ጥግ ይዛ ቆማለች። ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች። አታለቅስም። ካልሲዋ ረጥቧል፣ ጫማዋ ሥር ውሃ ተጠራቅሟል። ጎንበስ ስልላት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ ማንም እንዳይሰማት ቀስ ብላ፣ "እንዴት እንደሚባል ረሳሁት" አለችኝ። ሽንቴን ለማለት እንግሊዝኛው ጠፍቶባት፣ በአማርኛ መናገር ደግሞ ፈርታ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው እያልን በወላጆች ፊት ስንኮራ የከረምነው ልጆቹን አፋቸውን ዘግተንባቸው ነው።

ቲቸር እማማን ያገናኘችን የአንድ ተማሪያችን እናት ናት። መጥተው የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አላሉም። ከልጆቹ ጋር ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፣ በቃ። ዓርብ ከሰዓት ጠሩንና "ያን በር ላይ ያለውን ወረቀት አምጡልኝ" አሉ። ነቅለን ሰጠናቸው። አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ "ልጁ ባማረው ቋንቋ ይናገር፤ እናንተ በእንግሊዝኛ መልሱለት፤ በእጃችሁም በፊታችሁም እያሳያችሁ" አሉን።

ይሄን ከኪሴ አላመጣሁትም ብለው ታሪኩንም ነገሩን። በ1965 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ፣ ሞንትሪያል አጠገብ ሴንት ላምበርት በምትባል ቦታ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻችን ፈረንሳይኛ ይልመዱ ብለው ወትውተው የሙከራ ክፍል አስከፈቱ። ሕፃናቱ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፣ መምህሯ ይገባታል፣ መልሷ ግን በፈረንሳይኛ ነው። የማክጊል ዩኒቨርሲቲዎቹ ዋላስ ላምበርትና ሪቻርድ ታከር ልጆቹን ለዓመታት ተከታትለው የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዳልተጎዳ አሳይተዋል። ጃፓን ውስጥም ኑማዙ ከተማ ያለው ካቶ ጋኩኤን የሚባል ትምህርት ቤት በ1992 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ በእንግሊዝኛ ማስተማር ጀምሯል፤ የጃፓንኛ ትምህርቱን ግን አልተወም። ቲቸር እማማ ደጋግመው የሚያሰምሩበት ይቺን የመጨረሻዋን ነው። ልጅ የቤቱ ቋንቋ ጠንክሮ ሲቆምለት ነው ሌላው የሚደረብለት ይላሉ። በሳቸው ምክር ከምሳ በኋላ የፊደል ክፍለ ጊዜ ጨመርን፤ አሁን ሀ ሁ ሂ የሚቆጥሩበት ሰዓት ነው።

አሁን ስለ እባቡ ልንገራችሁ። መምህራኖቻችን ጎበዞች ናቸው፣ ግን እንደ ብዙዎቻችን "እስኩል"፣ "እስፑን" ነው የሚሉት። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ላይ መሐል አናባቢ ሳይገባ ሁለት ተነባቢ ድምፅ ማጣበቅ አይወድም፤ ምላሳችን ሳናውቀው "እ" ያስቀድማል። ልጆቹ ደግሞ የሰሙትን ነው የሚይዙት። ቲቸር እማማ ማንንም አላረሙም፣ ማንንም አላሳፈሩም። ረጅም ገመድ ይዘው መጡና ወለሉ ላይ እያጣመሙ ዘረጉት። ይሄ እባብ ነው አሉ። ሁሉም፣ መምህራኑም ጭምር፣ ተንበርክከው ጣታቸውን በገመዱ ላይ እየጎተቱ "ስስስስስ" ይላሉ፤ ጭራው ላይ ሲደርሱ "ኩል!" ብለው ያጨበጭባሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ "እ"ዋ ጠፋች። ገመዱ አሁንም ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ልጆቹ ራሳቸው ያወርዱታል።

ሌላው ያልጠበቅነው ሞግዚታችን ላይ የሠሩት ሥራ ነው። እንግሊዝኛዋ ትንሽ ስለሆነ ዝም ትበል ብለን ነበር። እሳቸው ግን ከማንም በፊት ያስቀመጧት እሷን ነው። የእጅ መታጠቢያ፣ የመጸዳጃ ቤትና የጫማ ማሰሪያ እያሉ ሃያ የሚሆኑ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አስጠኗት። "ጊቭ ሚ ዩር አዘር ፉት" እያለች ጫማ ስታስር ልጁ እግሩን ይሰጣታል። ቋንቋው እግሩ ላይ ገባ ማለት ነው፤ ሰሌዳ ላይ ብንጽፈው ስንት ቀን ይፈጅ ነበር!

የወላጆች ስብሰባም መርተውልናል። አንድ አባት ተነስተው ልጃቸው አማርኛ እየረሳ መሆኑን በደስታ ተናገሩ። ቲቸር እማማ በትህትና "አያቱ ሲደውሉለት ምን ብሎ ያወራቸዋል?" ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ቀጥለው "ማታ ማታ ተረት ተረት በሏቸው፣ እነሱም የላም በረት ይበሉ። እንግሊዝኛውን ለኛ ተዉት" አሉ። ያ አባት ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን ሲያመጡ የትናንቱን ተረት ለሞግዚቷ ያስነግሩታል።

የዚያች ልጅ ነገርስ? ከዚያ ቀን በኋላ ያሻትን በአማርኛ ትናገራለች፣ በእንግሊዝኛ ግን አንድ ቃል አይወጣትም። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። እኔ ተጨንቄ ስጠይቅ ቲቸር እማማ "እየሰማች ነው፣ አትንኳት" ይሉኛል። ብዙ ሕፃናት አዲስ ቋንቋ ሲጀምሩ እንዲህ ለወራት እያዳመጡ ዝም ይላሉ አሉ። የካቲት ላይ፣ ምሳ ሰዓት፣ ጎኗ የተቀመጠው ልጅ ብርቱካኗን አነሳባት። ብድግ ብላ "ኖ! ዛት ኢዝ ማይን! ጊቭ ኢት ባክ!" አለችው። ሞግዚቷ ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። ቲቸር እማማ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ልጅቷ መስከረም ላይ ዩኬጂ ትገባለች።

ትምህርት ቤት ለመክፈት ያሰባችሁ ወይም ከፍታችሁ የተቸገራችሁ ካላችሁ፣ እኒህን ሰው ሳታገኙ አማካሪ አትቅጠሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጡት፣ ክፍያቸው በቀን ነው፣ ቅድሚያ አይቀበሉም። የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጭ ብለው ካላዩ ሥራ አይጀምሩም፤ እዚህ ላይ አትከራከሯቸው። ያዩትን ፊት ለፊት ነው የሚናገሩት፣ ባለቤቱንም ቢሆን። ሪፖርታቸው በእጅ ጽሑፍ ስለሆነ ይዘገያል። ለወላጅ ቀን ልጆች ግጥም እንዲሸመድዱላችሁ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ እሺ አይሏችሁም። ስልካቸውን እዚህ አላወጣም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ለመስከረም ሁለት ትምህርት ቤት ብቻ ነው የሚይዙት፣ ቶሎ በሉ።

ቲቸር እማማ፣ ይህን ልጅዎ ከስልኳ ላይ እንደምታነብልዎት አውቃለሁ። ያ ወረቀት አሁንም ቦርሳዎ ውስጥ ካለ አይመልሱልን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።