ለጅማ ላቦራቶሪ የትኛው ሱፐርኮንዳክተር? የቢስመዝና የኢትሪየም ንጽጽር

በጅማ ለማስተማሪያ ወይም ለምርምር ላቦራቶሪ ሱፐርኮንዳክተር (በበቂ ሁኔታ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያሳልፍ ቁስ) ለመግዛት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ የሚያየው በሻጩ መግለጫ ላይ የተጻፈውን የሙቀት መጠን ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ከተፈረደ፣ እስከ 110 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) ገደማ የሚሠራው ቢስመዝ-2223 የተባለው የቢስመዝና የመዳብ ኦክሳይድ፣ 92 ኬልቪን ገደማ ላይ ባሕርይውን የሚያጣውን የኢትሪየም-ባሪየም-መዳብ ኦክሳይድ ይበልጠዋል። ይሁንና ሁለቱም በፈሳሽ ናይትሮጅን ይሠራሉ፤ እንዲያውም ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ ናይትሮጅኑ የሚፈላው በባሕር ወለል ከሚፈላበት 77 ኬልቪን ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ምርጫውን ሊወስን የሚገባው፣ በእኔ እምነት፣ የክሪስታል ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚጋጠሙበት ሁኔታ ነው።

በእነዚህ ኦክሳይዶች ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚሸከሙት የኤሌክትሮን ጥንዶች ስፋት ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በሁለት ቅንጣቶች ወሰን ላይ ያለ ጠባብ የአተሞች መዛባት እንኳ መተላለፊያቸውን ያዳክመዋል። በ1988 ተመራማሪዎቹ ዲሞስ፣ ቻውድሃሪ፣ ማንሃርትና ባልደረባቸው ለጎዝ በአሜሪካው ኩባንያ አይቢኤም ባደረጉት ሙከራ፣ የሁለቱ ቅንጣቶች አቅጣጫ እርስ በርስ መዛነፍ በጨመረ ቁጥር ወሰኑ የሚያሳልፈው ፍሰት ክፉኛ እንደሚወድቅ አሳዩ። ቅነሳው የሚጀምረው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ባለው መዛነፍ ሲሆን፣ መዛነፉ ሲሰፋ ፍሰቱ በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊያንስ ይችላል።

የቢስመዙ ሪባን፣ ማለትም ዝርግ ሽቦ፣ የሚሠራው ዱቄቱን በብር ቱቦ አሽጎ በመሳብና በመዳመጥ ነው። ቅንጣቶቹ ዝርግ በመሆናቸው፣ በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ፣ በሰፊ ገጻቸው ተነባብረው ይተኛሉ፤ ፍሰቱም በጠባቡ ጠርዝ ሳይሆን በሰፊው ገጽ በኩል ይሻገራል። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ የብሩ ዋጋና፣ በ77 ኬልቪን ማግኔታዊ መስክ በሪባኑ ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ የፍሰት አቅሙ ቶሎ መውደቁ።

የኢትሪየሙ ሪባን ግን፣ ቅንጣቶቹ በጥቂት ዲግሪ ውስጥ እንዲሰለፉ፣ አስቀድሞ አቅጣጫ በተሰጠው ስስ ንብር ላይ ይበቅላል። ሱፐርኮንዳክተሩ ራሱ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ብቻ ቢወፍርም፣ በማግኔታዊ መስክ ውስጥ ከቢስመዙ በተሻለ ይጸናል፤ ሆኖም ንብሮቹ ሊላቀቁ ስለሚችሉ ሲበየድ ጥንቃቄ ይሻል። በናይትሮጅን የሚቀዘቅዝ የማግኔት ጥቅል ለሚሠራ ይህን እመርጣለሁ፤ ዜሮ ተቃውሞን ለመለካት ብቻ ከሆነ ቢስመዙም ይበቃል።

ማግኔት ማንሳፈፍን ለማሳየት ሪባን ሳይሆን ዲስክ ይገዛል። ተራው በእሳት የተጋገረ ዲስክ ርካሽ ቢሆንም፣ ቅንጣቶቹ በዘፈቀደ ስለሚጋጠሙ የሚያነሳው ትንሽ ማግኔት ብቻ ነው፤ ቀልጦ እንደ አንድ ቅንጣት ያደገው ግን ማግኔቱን አንጠልጥሎ እስከመያዝ ይደርሳል። የኢትሪየም ዲስክ በውሃ ስለሚጎዳ፣ በተለይ በጅማ ረጅም የዝናብ ወራት፣ ከናይትሮጅኑ ሲወጣ የሚይዘው ውርጭ ቀልጦ ሳይሰርግበት መድረቅና እርጥበት መጣጭ ባለበት ዕቃ መታሸግ አለበት።

ሪባን ለሚያዝ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ የፍሰት አቅሙ በጠቅላላው ርዝመት ተለክቷል ወይስ በአጭር ናሙና ብቻ? አንድ ክፉ የተዛነፈ ቦታ የመላውን ሪባን አቅም ይገድበዋል።