ቡሬ፣ ባሕር ዳር ወይስ ደብረ ማርቆስ? ጎጃም ላይ የፋብሪካ ቦታ ለሚመርጥ ባለሀብት

መንግሥት ባለሀብት ሲጠራ መጀመሪያ የሚዘረጋው የግብር እፎይታውን ነው። ቦታ የሚመርጥ ሰው ግን እፎይታውን መጨረሻ ላይ ቢያየው ይሻለዋል። አዲስ ፋብሪካ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ጊዜ አያተርፍም፤ ትርፍ ከሌለ ደግሞ የሚቀርለት የትርፍ ግብር የለም። የሚያስከስረውም የሚያዋጣውም ሌላ ነው፦ መብራቱ አጥሩ ድረስ ደርሷል ወይ? ጥሬ ዕቃው በስንት ኪሎ ሜትር ይገኛል? ቢሮው ፊርማውን በስንት ቀን ይሰጣል? ሦስቱን ከተሞች የምናመዛዝነው በእነዚህ ነው።

ሲጀመር የሚገዛው ነገር አንድ አይደለም። ባሕር ዳር የተሠራ ሼድ (የፋብሪካ አዳራሽ) ይከራያሉ። ቡሬ ፓርክ ውስጥ በዋናነት የለማ መሬት ወስደው ይገነባሉ። ደብረ ማርቆስ ከከተማው በሊዝ ወስደው ሁሉንም ራስዎ ይሠራሉ።

ባሕር ዳር

ፓርኩ የፌዴራሉ ነው፤ 75 ሄክታር ላይ 8 ሼዶች ተሠርተውበታል፣ የታሰበውም ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ነው። የዚህ ቦታ ትልቁ ሀብት ሼዱ ሳይሆን ሰው ነው። ከተማዋ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይዛ የኖረች ናት፤ ዩኒቨርሲቲውም በዘርፉ የሚያሠለጥን ተቋም አለው። ማሽን ተክሎ በወራት ውስጥ ወደ ሥራ ለመግባት ለሚፈልግ ስፌት ቤት ከሦስቱ ይህ ይቀድማል።

ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። የተከራዩት ሼድ ለባንክ መያዣ አይሆንም፤ ለብድር የሚያቀርቡት ማሽንዎን ወይም ሌላ ንብረት ነው። ሁለተኛው ገበያ ነው፦ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከአሜሪካው የአጎዋ ዕድል ስትወጣ ከቀረጥ ነፃ ይገባ የነበረ ልብስ ቀረጥ ወደቀበት። ሼዱ አንድ ብሎን ሳይጎድልበት ዋጋው ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት ገዢው የየት አገር እንደሆነ ይታወቅ። እህል ለሚፈጭ ደግሞ እነዚህ ሼዶች አይሆኑም፤ ጎተራና የጭነት መኪና መዞሪያ ይፈልጋል።

ቡሬ

ቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ነው፤ በአገሪቱ ለሙከራ ከተመረጡት አራት አንዱ። ሐሳቡ መልካም ነው፦ ምርት በየአካባቢው ባሉ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ይሰበሰባል፣ ይለያል፣ ከዚያ ወደ ፓርኩ ይገባል። በቆሎው ከወምበርማና ከጃቢ ጠህናን፣ ድንቹ ከአዊ፣ አኩሪ አተሩ ከጃዊና ከመተከል በኩል ይመጣል። ለማቀነባበሪያ ከሦስቱ የምንመርጠው ቡሬን ነው። ግን በሒሳብ እንጂ በስሜት አይገባበትም።

በቀን 30 ቶን በቆሎ የሚፈጭ ፋብሪካ ዓመቱን 300 ቀን ቢሠራ 90,000 ኩንታል ይፈልጋል። በሄክታር 40 ኩንታል ቢገኝ የ2,250 ሄክታር ምርት ነው። ገበሬው ግን ለቤቱ ያስቀራል፣ ለሌላም ይሸጣል፤ ሲሶውን ብቻ ቢያወጣ 6,750 ሄክታር ያህል መሸፈን አለብዎት። ብዙ ፋብሪካ በግማሽ አቅሙ የሚሠራው ማሽኑ ከዚህ ቁጥር በፊት ስለተገዛ ነው።

በቆሎው ሲሰበሰብ ርጥበቱ 18 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ መጋዘን የሚገባው ግን ከ13 በመቶ ሳያልፍ ነው። በ18 የተገዛ 100 ኩንታል ወደ 13 ሲደርቅ 94 ኩንታል ግድም ይሆናል። ስድስት ኩንታል የውሃ ዋጋ ከፈሉ ማለት ነው፤ ሳይደርቅ ከተከመረ ደግሞ ይሻግታል፣ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ያፈራል። የርጥበት መለኪያው መቀመጥ ያለበት ፋብሪካው በር ላይ ሳይሆን መረከቢያው ላይ ነው። ከዳሞት ወይም ከመርከብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ጋር ሲዋዋሉ የርጥበቱን ጣሪያና የቅናሹን ስሌት ያስጽፉ፤ ለዚህ ዓይነቱ ውል የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 መሠረት ሆኗል። መንግሥት ለቢዝነስ ካመቻቸው ነገር ሁሉ እምብዛም የማይወራለት ይህ አዋጅ ነው፤ ለአቀነባባሪ ከእፎይታው ይልቅ ይጠቅመዋል።

ገንዘቡም ታስቦ ይግባ። በቆሎ የሚረክሰው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ የዓመቱን ግማሽ በዚያ ካልገዙ ክረምት ላይ በነጋዴ ዋጋ ይገዛሉ። 45,000 ኩንታል በሦስት ወር የሚገዛ የሥራ ማስኬጃ ብድር ከማሽኑ ብድር ጋር አብሮ ይጠየቅ።

ደብረ ማርቆስ

ለአዲስ አበባ ገበያ የቀረበው ይህ ነው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጤፍና ስንዴው በዙሪያው ነው፣ የጎዛምን ዩኒየንም እዚያው አለ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከአዲስ አበባ ውጭ ለማምረቻ ኢንዱስትሪ እስከ 80 ዓመት ይሰጣል፤ ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ አያንስም። ካርታው በስምዎ ስለሚሆን ግንባታው መያዣ ይሆናል። ባሕር ዳር የሌለው ጥቅም ይህ ነው።

ዋናው ችግር መሬቱ ባዶ ሳይሆን መሰጠቱ ነው። ለተነሺው ገበሬ ካሳ ተከፍሎ ካላለቀ አጥር ሲያጥሩ ክርክር ይነሣል። የካሳ ክፍያውን ሰነድ አይተው ይረከቡ። ፍሳሽ ማጣሪያውም የራስዎ ወጪ ነው። ጄኔሬተር ሲገዙ ደግሞ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር መሆኑን ለሻጩ ይንገሩት፤ አየሩ ስለሚሳሳ የተጻፈበትን ኃይል አይሰጥም።

በሦስቱም

መብራት ሲባል የግድቡ ሜጋ ዋት አይደለም። ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ለእርስዎ የሚቆጠረው ግን ከሰብስቴሽኑ (ከኃይል ማከፋፈያ ጣቢያው) እስከ አጥርዎ ያለው መስመር ነው። የማሽኖቹን ኪሎ ዋት ደምረው ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በደብዳቤ ይጠይቁ። ባለ 315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር የሚሸከመው 250 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። «ይደርሳል» የሚል የቃል መልስ አይያዝ።

ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት መንገድም ኢንተርኔትም እንደሚያቋርጥ ታይቷል። የሳምንት የጥሬ ዕቃ ክምችት ይበቃ የነበረው አሁን የወር መሆን አለበት፤ መለዋወጫም እንዲሁ። የውጭ ሸሪክ ካለዎት ዝቅተኛው ካፒታል ለብቻው ለሚገባ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ሰው ጋር ለሚጣመር 150,000 ዶላር ነው።

ቦታውን ሐምሌ ላይ ይጎብኙ፤ በበጋ ያማረ መግቢያ መንገድ በክረምት ከባድ መኪና ላያሳልፍ ይችላል። ውል ሲፈርሙ ደግሞ የግንባታ መጀመሪያና መጨረሻ ጊዜ የሚቆጠረው ቦታውን ከተረከቡበት ቀን ሳይሆን መብራትና ውሃ አጥሩ ድረስ ከገባበት ቀን እንዲሆን ይደራደሩ፤ ጊዜው ካለፈ ቦታው ሊነጠቅ ይችላልና።